ብቸኝነት ይስማማቸዋል የሚለው ግምት፦ በወረርሽኙ ዘመን ስለ ኦቲዝም በተደረገ ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ የኮሮና ወረርሽኝ በዓለም ላይ ሲዛመት የትምህርት ተቋሞች አንድ በአንድ ደጃቸውን መዝጋታቸው የሚታወስ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ሁኔታውን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020) ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ190 በሚበልጡ አገሮች ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ከመማሪያ ክፍላቸው ተለይተዋል። አቅሙ ባላቸው አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርታቸውን ወደ ኢንተርኔት አዛወሩ። ተማሪው ከማደሪያው ወይም ከወላጆቹ ቤት ሳይወጣ የመምህሩን ድምፅ በኮምፒዩተር አማካይነት መከታተል ጀመረ።

በዚህ ጊዜ ስለ አንድ የተማሪዎች ወገን በየአቅጣጫው የተሰነዘረ አስተያየት ነበር። ይኸውም ኦቲዝም ያላቸው ተማሪዎች ቀድሞውንም ከሰው መራቅን ስለሚመርጡ ቤት ተቀምጦ መማር ለእነርሱ ችግር ሳይሆን እፎይታ ነው የሚል ነው። አስተያየቱ ሲሰሙት የደግነት መልክ አለው። በሥራ ላይ ሲውል ግን የሚያስከትለው ውጤት ቀላል አይደለም። አንድ ተማሪ ብቸኝነት ይስማማዋል ከተባለ ግቢውን፣ ክፍሉንና የማስተማሪያ ዘዴውን ለእርሱ ማመቻቸት አያስፈልግም፤ ወደ ቤቱ መሸኘት ብቻ ይበቃል ወደሚል መደምደሚያ ያደርሳልና።

የዚህ ሐተታ ዓላማ ይህን ግምት በወረርሽኙ ዘመን ከተደረጉት ጥናቶች በአንዱ መነሻነት መመርመር፣ የጥናቱን ጠንካራና ደካማ ጎን መለየት፣ በመጨረሻም ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠውን ግንዛቤ ማመልከት ነው።

የግምቱ ምንጭ

ግምቱ በወረርሽኙ ዘመን የተፈጠረ አይደለም። ኦቲዝም የሚለው ስያሜ ራሱ «ራስ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሊዮ ካነር የ11 ሕፃናትን ሁኔታ መርምረው ባወጡት ጽሑፍ፣ ሕፃናቱን ከሌሎች የሚለያቸው ዋናው ጠባይ ብቸኝነታቸው እንደሆነ አድርገው ገለጹ። በቪየና የነበሩት ሐንስ አስፐርገርም በዓመቱ፣ በ1944፣ ተቀራራቢ የሆነ ሥራ አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን ኦቲዝም የሚተረጐመው ከውጭ ሆኖ በሚመለከት ሰው ዓይን ነበር። በ1967 ብሩኖ ቤተልሃይም ባሳተሙት መጽሐፍ ጥፋቱን በወላጆች፣ በተለይም በእናቶች ቅዝቃዜ ላይ እስከ ማሳበብ ደረሱ። ይህን መሰሉን አስተሳሰብ በርናርድ ሪምላንድ ቀደም ብለው በ1964 ተቃውመውት ነበር፤ ሆኖም በአያሌ ቤተሰቦች ላይ ያደረሰው የኅሊና ጉዳት በቶሎ የሚሽር አልሆነም።

የወላጆች ጥፋት ነው የሚለው አስተሳሰብ በጊዜ ብዛት ቢወድቅም ብቸኝነትን ይመርጣሉ የሚለው ግን በሌላ መልክ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮራሊ ሼቫሊዬና ባልደረቦቻቸው ኦቲዝም ያለው ሰው ከሰው ጋር ለመገናኘት ያለው ውስጣዊ ፍላጎት የቀነሰ ነው የሚል ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። በዚያው ዓመት ራሳቸው ኦቲዝም ያላቸው እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዴሚየን ሚልተን ፍጹም የተለየ ሐሳብ ይዘው ተነሡ። በእርሳቸው አመለካከት አለመግባባቱ የአንድ ወገን ጉድለት አይደለም። ኦቲዝም ያለው ሰው የሌላውን ስሜት ለመረዳት የሚቸገረውን ያህል ሌላውም የእርሱን ስሜት ለመረዳት ይቸገራል፤ ችግሩ በሁለቱ መካከል ያለ ችግር ነው። ቪክራም ጃስዋልና ናሚራ አክታርም በ2019 በታተመው ጽሑፋቸው ዓይን ለዓይን አለመተያየትን የመሳሰሉ ምልክቶች ሰው ለሰው ፍላጎት እንደሌለው ማስረጃ ሊሆኑ እንደማይገባ ተከራክረዋል።

እንግዲህ ወረርሽኙ ሲገባ ሁለቱ አመለካከቶች ፊት ለፊት ተፋጥጠው ነበር። ሰው ከሰው እንዲርቅ በታዘዘበት ጊዜ የመጀመሪያው አመለካከት እውነት ቢሆን ኖሮ ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች ከሌላው ባነሰ መጠን መጐዳት ይገባቸው ነበር። ከዚህ የተነሣ የወረርሽኙ ዘመን ለትምህርትና ለሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ማንም ሆን ብሎ ሊያዘጋጀው የማይችል ፈተና ሆኖ ቀረበ።

የአውስትራሊያው ጥናት

ለዚህ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ከሰጡት ሥራዎች አንዱ ኤሊዛቤት ፔሊካኖና ባልደረቦቻቸው በአውስትራሊያ ያካሄዱት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ቀዳሚ ሪፖርታቸው ርእስ በአማርኛ ሲመለስ «ጓደኞቼን ማየት እፈልጋለሁ» የሚል ሲሆን፣ ርእሱ ብቻውን የቆየውን ግምት የሚቃወም ነው። በኋላም በ2022 «ኦቲዝም» በተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት መጽሔት በታተመው ጽሑፍ 144 ሰዎች ስለ ኑሯቸው በሰፊው ተጠይቀዋል። ከእነዚህም 44ቱ ኦቲዝም ያላቸው አዋቂዎች፣ 84ቱ ኦቲዝም ያላቸው ልጆች ወላጆች፣ 16ቱ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ኦቲዝም ያላቸው ወጣቶች ናቸው።

ውጤቱ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ከተጠያቂዎቹ መካከል በመጀመሪያዎቹ ቀናት እፎይታ የተሰማቸው አልጠፉም። የመንገዱ ጫጫታ፣ የአውቶቡሱ ግፊያ፣ ሳይወዱ በግድ የሚደረገው ወሬ ሁሉ ለጊዜው ቀርቶላቸዋልና። ነገር ግን ጊዜው ሲረዝም ብቸኝነቱ ከበዳቸው፤ የአእምሮ ጤንነታቸውም ተጐዳ። የናፈቁትም የቅርብ ጓደኞቻቸውን ብቻ አልነበረም። በየዕለቱ ሳይታሰብ የሚገኘውን፣ አጭርና ቀላል የሆነውን የሰው ግንኙነት ጭምር ናፈቁ። ከሕክምናና ከምክር አገልግሎት ብዙው በስልክና በቪድዮ መሰጠቱም ለብዙዎቹ አጥጋቢ አልሆነም።

የጥናቱ ዋና ጥንካሬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከተመራማሪዎቹ መካከል ራሳቸው ኦቲዝም ያላቸው ምሁራን መኖራቸው ነው። ይህም ጥያቄው ሲዘጋጅና መልሱ ሲተረጐም የውስጡ ሰው ዕውቀት እንዲገባበት አድርጓል። ሁለተኛው፣ ተጠያቂዎቹ በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ መደረጉ ነው። ለአያሌ ዓመታት በዚህ መስክ የተደረገው ምርምር ልጁን የሚገልጸው ሐኪሙ፣ ወላጁ ወይም መምህሩ በሚሞላው መጠይቅ ነበር። ተማሪው ዝም ካለ ዝምታው እንደ ፍላጎት ማጣት ይቆጠርበታል። «ለምን ዝም አልህ?» ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም። ከዚህ አንጻር ጥናቱ አዲስ ነገር ያሳየው በተጠያቂዎቹ ጠባይ ላይ ሳይሆን በጠያቂዎቹ ልማድ ላይ ነው ለማለት ይቻላል።

የጥናቱ ድክመት

ይህ ሁሉ ሲባል ጥናቱ ለከፍተኛ ትምህርት ዕቅድ አውጪ በቂ ነው ማለት አይደለም።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ተጠያቂዎቹ የተመደቡት በአዋቂነት፣ በወላጅነትና በወጣትነት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪነት ራሱን የቻለ ምድብ አልሆነም። ከ144ቱ ከግማሽ የሚበልጡት ወላጆች በመሆናቸውም የቤተሰቡ ድምፅ ከሌላው ጐልቶ ይሰማል። ተማሪው ግን በልጅና በአዋቂ መካከል ያለ ነው። ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ የራሱን ኑሮ መልመድ በጀመረበት ዓመት ወደ ወላጆቹ ቤት መመለሱ የሚያስከትልበት ችግር፣ ቤቱንም ልጁንም ለይቶ የሚመለከት ምርመራ ይጠይቃል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ጥናቱ የሚያሳየው የወረርሽኙን የመጀመሪያ ወራት ነው። የሜልበርን ከተማ ረጅሙ መዘጋት የጀመረው ቀዳሚው ሪፖርት በወጣበት በሐምሌ ወር እ.ኤ.አ. 2020 ሲሆን የቀጠለውም እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነበር። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ የትምህርት ዓመት ሙሉ ሲያልፍ የሚታየው ነገር፣ ማለትም ያልተጠናቀቀ ኮርስ፣ የዘገየ ምረቃ፣ ከመምህር ጋር የተቋረጠ ግንኙነት፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ተለክቶ አያልቅም።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ኦቲዝማቸው በሐኪም ያልታወቀላቸው ወይም ራሳቸው የማያውቁት ሰዎች በእንዲህ ዓይነቱ ጥናት ውስጥ ሊገኙ አይችሉም። ሐሳባቸውን በቃል ለመግለጽ የሚቸገሩትም እንደዚሁ ናቸው። በወረርሽኙ ዘመን የተደረጉት ጥናቶች በብዛት በስልክና በኢንተርኔት የተካሄዱ በመሆናቸው፣ መገናኛው የሌለው ሰው ድምፅ ከመጀመሪያው ተቀንሶ ቀርቷል። የተሰማው የሀብታም አገርና የተናጋሪው ሰው ድምፅ ነው። ይህ በጥናቱ አቅራቢዎች ላይ የሚጣል ነቀፌታ አይደለም፤ ውጤቱን ወደ ሌላ አገር የሚወስድ ሰው ሊያስብበት የሚገባ ማስጠንቀቂያ እንጂ።

መማርን በሚመለከት

ከላይ የተጠቀሰው ጥናት ይበልጥ የተመለከተው ማኅበራዊውን ኑሮ ነው። የመማሩን ጉዳይ በተመለከተ ደግሞ የርቀቱ ትምህርት ምን አስገኘ፣ ምንስ አሳጣ ብሎ ለያይቶ ማየት ይገባል። ምክንያቱም «የኢንተርኔት ትምህርት ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» የሚለው ጅምላ ፍርድ ለመምህሩ የሚፈይድለት ነገር የለም።

ካስገኘው ብንነሣ፣ ተቀድቶ የተቀመጠ ትምህርት ተማሪው እያቆመና እየደገመ እንዲሰማው ያስችላል። ጥያቄን በጽሑፍ ማቅረብ መቻሉ በሰው መካከል እጁን አውጥቶ መናገር ለሚከብደው ተማሪ በር ይከፍታል። የብርሃኑን ድምቀት፣ የድምፁን ከፍታና የተቀመጠበትን ወንበር ራሱ ይወስናል። ኦቲዝም ያላቸው ብዙ ሰዎች ከሌላው ሰው ለመመሳሰል ሲሉ ጠባያቸውን ደብቀው እንደሚውሉና ይህም እጅግ እንደሚያደክማቸው በ2017 እ.ኤ.አ. እነ ሎራ ሃል ያሳተሙት ጥናት ያሳያል። ቤቱ ሆኖ የሚማር ተማሪ ከዚህ ድካም ቢያንስ በከፊል ያርፋል።

ካሳጣው ዋናው የቀኑ ሥርዓት ነው። ክፍል የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚወስደው መንገድ፣ በታወቀ ሰዓት የሚቀርበው ምግብ፣ ለብዙ ተማሪ ተራ ነገር ነው። ለውጥ ለሚከብደው ተማሪ ግን ቀኑን አቁሞ የሚይዘው ምሰሶ ይህ ነው። ምሰሶው በአንድ ሳምንት ውስጥ ተነቀለ። በምትኩ የመጣው ማስታወቂያ ደግሞ በየጊዜው የሚለዋወጥ ነበር፤ ፈተናው ዛሬ ይሰጣል ሲባል ነገ ተላልፏል ይባላል። በቪድዮ በሚደረግ ውይይትም ተናጋሪው መቼ እንደጨረሰ፣ ተራው የማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። በደርዘን የሚቆጠሩ ፊቶች በአንድ ጊዜ እያዩ ማዳመጥም በክፍል ውስጥ ከመቀመጥ የቀለለ ሸክም አይደለም።

ከዚህ የሚገኘው መደምደሚያ ግልጽ ነው። ተማሪውን የጠቀመው ከሰው መለየቱ ሳይሆን በአካባቢው ላይ ሥልጣን ማግኘቱና መረጃው በጽሑፍ መድረሱ ነው። እነዚህን ሁለቱን ደግሞ ከሰው ሳይለዩ በግቢ ውስጥም መስጠት ይቻላል። ቀድሞ ይገምቱ የነበሩት ሰዎች ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪው ከጫጫታው ማረፉን አይተው ከሰው ማረፍ የፈለገ መሰላቸው። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ በአንጻሩ የተፈጸመ ሌላ ስሕተትም አለ። ይኸውም በየአገሩ ብዙ የትምህርት ክፍሎች ግቢው ሲከፈት የተቀዳውን ትምህርትና የጽሑፉን ጥያቄ አብረው መሰረዛቸው ነው። ለዓመታት ሲጠየቅ አይቻልም ሲባል የነበረው ነገር በሳምንታት ውስጥ ተችሎ ከታየ በኋላ ተመልሶ አይቻልም ማለት ምክንያት የለውም።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጀመሪያ በግቢያቸው እንዲቆዩ ተነግሯቸው ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ወደየቤታቸው ተሸኙ። ትምህርቱ በ2013 ዓ.ም. ለተመራቂዎች ቅድሚያ በመስጠት በየተራ እስኪጀመር ድረስ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ያልነበረው ተማሪ ከትምህርቱ ጋር ተለያይቶ ቆየ። ስለዚህ በአውስትራሊያ የተነሣው ጥያቄ፣ የኢንተርኔቱ ትምህርት ጠቀመ ወይስ ጐዳ የሚለው፣ እንዳለ ተገልብጦ ለኢትዮጵያ የሚሆን አይደለም።

የሚሆነው ከጥያቄው በስተጀርባ ያለው ነጥብ ነው። በዚህ አገር ስለ ኦቲዝም የሚነገረው በአብዛኛው ስለ ሕፃናት ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት አለ። ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የኒያ ፋውንዴሽን የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ሲያቋቁሙ አጣዳፊው ተግባር በየቤቱ የተደበቁትን ልጆች ወደ ብርሃን ማውጣት ነበር። ነገር ግን ሕፃን ሕፃን ሆኖ አይቀርም። ከእነዚህም መካከል፣ በተለይም ማንም ኦቲዝም እንዳለው ሳያውቅለት «ዓይን አፋር»፣ «ግትር» ወይም «ኩሩ» እየተባለ ካደገው መካከል፣ በትምህርቱ ጐብዞ ዩኒቨርሲቲ የሚደርስ መኖሩ አያጠራጥርም።

ይህ ተማሪ የሚገባበት ግቢ ምን ይመስላል? በምደባ ከቤተሰቡ ርቆ ወደማያውቀው ከተማ ይላካል። ከብዙ ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል ያድራል። በአንድ ትልቅ አዳራሽ ሰልፍ ይዞ ይመገባል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠ ጊዜም ተፈታኙ ከለመደው አካባቢ ተነሥቶ በማያውቀው ማደሪያ አድሮ እንዲፈተን ተደርጓል። የዚህ አሠራር ዓላማ የፈተናውን ንጽሕና መጠበቅ እንደነበረ የታወቀ ነው። ሆኖም ድንገተኛ የቦታና የልማድ ለውጥ በሚረብሸው ተማሪ ላይ የሚያሳድረው ጫና በዕቅዱ ውስጥ መታሰብ ነበረበት። በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ ውስጥ ተማሪው ትምህርቱን አቋርጦ ቢሄድ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው «በራሱ ፈቃድ» የሚል ሊሆን ይችላል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. ተቀብላ አጽድቃለች። የስምምነቱ 24ኛ አንቀጽ የከፍተኛ ትምህርትንም ይጨምራል፤ ለተማሪው ተገቢው ማመቻቸት እንዲደረግለትም ያዝዛል። ማመቻቸት ሲባል ግን በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው ለዓይነ ስውሩ ብሬይል፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄደው አቀበታማ መተላለፊያ ነው። ኦቲዝም በዓይን ስለማይታይ ከዚህ ዝርዝር ይወድቃል።

በቃል አጠቃቀምም ረገድ የሚታረም ነገር አለ። በአማርኛ ጽሑፎች ዘወትር የሚገኘው «ኦቲዝም ያለበት» ወይም «የኦቲዝም ተጠቂ» የሚለው አባባል ነው። «ያለበት» የሚባለው ዕዳ ወይም በሽታ ነው። «ያለው» ማለት ግን ሰውየውን ከነጠባዩ መቀበል ነው። ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ያህል ቢመስልም አንባቢው መምህር ተማሪውን በየትኛው ዓይን እንደሚያይ የሚወስን ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተደረገው ሐተታ ሲጠቃለል፣ የአውስትራሊያው ጥናት ብቸኝነት ይስማማቸዋል የሚለውን የቆየ ግምት በተጠያቂዎቹ በራሳቸው ቃል ውድቅ አድርጓል። ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ስለ ረጅሙ ጊዜና በሐኪም ስላልታወቁት ሰዎች ግን የሚናገረው ጥቂት ነው። በእነዚህ በኩል የሚደረገው ምርምር ገና ብዙ ይቀረዋል።

ምርምሩ እስኪሟላ ድረስ ግን መምህሩ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። የትምህርቱን ማስታወሻ አስቀድሞ መስጠት፣ የቤት ሥራን ትእዛዝ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ማስፈር፣ የፈተና ቀን ሲለወጥ ምክንያቱንና አዲሱን ቀን ወዲያውኑ ማሳወቅ፣ ጥያቄን በወረቀት መቀበል፣ ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። ዕቅድ አውጪውም በየግቢው ጸጥታ ያለው የማጥኛና የመፈተኛ ክፍል እንዲኖር፣ በማደሪያ ድልድል ተማሪው ችግሩን የሚያስረዳበት መንገድ እንዲከፈት፣ ችግር ሲገጥመውም የሚሄድበት አንድ የታወቀ ሰው እንዲመደብ ማድረግ ይችላል። የአእምሮ ሐኪም በቀላሉ በማይገኝበት አገር እነዚህን ነገሮች ለማግኘት የሐኪም ወረቀት እንደ ቅድመ ሁኔታ መጠየቅ መብቱን ከተማሪው መንፈግ ስለሚሆን፣ አሠራሩ ለሁሉም ተማሪ ክፍት ቢሆን ይመረጣል። በጽሑፍ የተሰጠ ግልጽ ትእዛዝ የሚጐዳው ተማሪ የለምና።

የርቀት ትምህርትም በሚታቀድበት ጊዜ ለእነዚህ ተማሪዎች የሚሰጠው ቦታ በጥንቃቄ ሊወሰን ይገባል። በተማሪው ምርጫ ሲሆን ድጋፍ ነው፤ በተቋሙ ውሳኔ ሲሆን ግን ተማሪውን ከግቢ ማስወጣት ነው። ይህን ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሚቻለውም ከተማሪው ዝምታ በመገመት ሳይሆን ተማሪውን ራሱን በመጠየቅ ነው።